ጓሳ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ይሄን አንብባችሁ ውጡ

ለየብቻ እየጠየቃችሁኝ ለየብቻ ቮይስ መላክ ሰልችቶኛል፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። መንዝ ጓሳ ሁለቴ ነው የሄድኩት፣ በ2010 ጥቅምት እና በ2012 ጥር። የመጀመሪያው ጉዞ ምንም ሳልዘጋጅ ዘው ብዬ የገባሁበት ስለሆነ እሱን እንደ ማስጠንቀቂያ ውሰዱት፣ ሁለተኛው ላይ ነው የገባኝ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ጓሳን በር ላይ ትኬት ቆርጣችሁ፣ እንስሳ አይታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ የምትወጡበት ፓርክ አድርጋችሁ ካሰባችሁት ሳር ብቻ አይታችሁ ነው የምትመለሱት። እኔም የመጀመሪያው ጊዜ "ይሄ ሁሉ መንገድ ለሳር?" ብዬ አጉረምርሜአለሁ። ነገሩ ግን ሁሉም ያለው ሳሩ ላይ ነው፣ ቦታው ራሱ ስሙን ያገኘው ከሳሩ ነው፣ ጓሳ ማለት ያ ረጅሙ እንደ ጸጉር ወደ አንድ ወገን የሚተኛው ሳር ነው። መንዜው ቤቱን የሚከድነው በሱ ነው፣ ገመድ የሚገምደው በሱ ነው፣ እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚደርባት ገሳ የምትሰራው ከሱ ነው፣ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ከብቱን የሚያተርፍለት እሱ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳ ዝንጀሮው እስከዛሬ የተረፉት ገበሬው ሳሩን ስለጠበቀ ነው። ይሄን ይዛችሁ ከሄዳችሁ እያንዳንዱ የምታዩት ነገር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ቦታው ያለው ሰሜን ሸዋ ነው፣ መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ደግሞ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎሜትር። ከአዲስ አበባ በግምት 260 ኪሎሜትር።

ከሁሉም በፊት ግን ስልክ! አማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ጦርነት ውስጥ እንደሆነ ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም፣ እና ይሄ ቦታ እዛው መሀል ነው። ስለዚህ ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ደብረ ብርሃን ወይም መሃል ሜዳ ከተማ ለሚኖር ሰው ደውሉ፣ ለመስሪያ ቤት ሳይሆን ለሰው፣ የሹፌር ዘመድ፣ የአክስት ልጅ፣ ማንም ይሁን። "መንገዱ ክፍት ነው?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ "አንተ ብትሆን ዛሬ ልጅህን ይዘህ ትሄድ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ይለያያል። ዝም ካለ አትሂዱ። ቦታው 400 ዓመት ጠብቋል፣ ለናንተም ይጠብቃል። ከውጭ ለእረፍት የምትመጡ ደግሞ ይሄን የጉዟችሁ መጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት፣ መንገድ ቢዘጋ ፕሌን ያመልጣችኋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር፣ እዛ ቁርስ ትበላላችሁ፣ ብርዱንም ትለማመዳላችሁ ምክንያቱም ደብረ ብርሃንም ራሷ የዋዛ አይደለችም። ከዛ ወደ ጣርማ በር። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ሳትገቡ በፊት ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ፣ እኛ የመጀመሪያው ጊዜ ወሬ ይዘን ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን ነው የነቃነው፣ ሹፌሩ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ዞረና ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። በነገራችን ላይ ጣርማ በር ላይ ቆም በሉ፣ ጉም ካልያዘው ቁልቁል ወደ ቆላው የሚታየው ነገር አፍ ያስይዛል፣ አንዳንዴም የመጀመሪያዎቹን ጭላዳዎች እዛው መንገድ ዳር ታገኟቸዋላችሁ። ከጣርማ በር በኋላ ያለው መንገድ የተራራውን ጀርባ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ክረምት ላይ በትንሽ መኪና አትሞክሩት።

የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ላምበረት መናኸሪያ በሌሊት ሄዳችሁ የመሃል ሜዳ መኪና ፈልጉ። ጓሳ ከመሃል ሜዳ በፊት ስለሆነ ረዳቱን "ጓሳ ሎጁ ጋ አውርደኝ" ማለት ነው፣ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ቀጥታ የሚሄድ ካጣችሁ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ እዛ መቀየር ነው፣ ያው ትንሽ ትንገላታላችሁ።

መቼ ይሻላል? ክረምት አይደለም፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከእጃችሁ በላይ አያሳያችሁም፣ ጭቃው ደግሞ ጫማ ያስቀራል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፣ አበባው ብዙ ነው፣ ለፎቶ የሚሄድ ሰው ያኔ ይሂድ። እኔ ግን ታህሳስና ጥርን ነው የምመርጠው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሳሩ ወርቅ ይመስላል፣ ቀበሮውም ቀይ ስለሆነ ቢጫው ላይ ከሩቅ ይለያል። ዋጋው ግን ብርዱ ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጥር ላይ የውሃ ጠርሙሴን ድንኳኑ ደጃፍ ረስቼው አድሬ ጠዋት ሳነሳው ተንቋቋብኝ፣ ክዳኑ አልከፈት ብሎኝ በእሳት ዳር አስቀምጬ ነው የጠጣሁት።

ስለዚህ ዕቃ። ጋቢ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ አንዱ ለመልበስ አንዱ ለመተኛት። ስሊፒንግ ባግ ካላችሁ ወፍራሙን። የሱፍ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ በብርዱ እንዳትሸወዱ፣ ከፍታ ላይ ስለሆናችሁ አፍንጫችሁ ሁለት ቀን ውስጥ ይላጣል፣ እና ሰፊ ባርኔጣና ቅባት ያዙ። ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ መሆን አለበት። ይሄን አጠንክሬ የምለው የጓሳ ሳር ከሩቅ ሲታይ ምንጣፍ ይመስላል፣ ስትገቡበት ግን ጉብ ጉብ ብሎ በየጉብታው የበቀለ ነው፣ በጉብታዎቹ መሀል ደግሞ የአይጥና የፍልፈል ጉድጓድ አለ፣ እግር ገብቶ ይጠመዘዛል። የመጀመሪያው ጊዜ በስኒከር ሄጄ ሁለተኛውን ቀን ሙሉ እግሬን በጨው ውሃ ነክሬ ሎጁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ጓደኞቼ ቀበሮ አይተው መጡ፣ እኔ ቁራ አየሁ።

ጥሬ ብር ያዙ፣ በስልክ ትራንስፈር እከፍላለሁ ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። ምግብ ራሳችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ሎጁ የማህበረሰቡ ነው፣ ቀላል ማደሪያ ነው፣ ሆቴል እንዳታስቡ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሻይ ቅጠል። ሻዩ ውስጥ የሚጨመረውን ጦስኝ እዛው እግራችሁ ስር ታገኙታላችሁ፣ ረግጣችሁት ስታልፉ ነው ሽታው የሚመጣው። እሮብና አርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ከሄዳችሁ ደግሞ መንዝ መንዝ ነውና ከሽሮ ሌላ አትጠብቁ፣ ማንም ሰው ቤት ገብታችሁ እንቁላል ይጠበስልን እንዳትሉ።

አዳሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቀን ደርሶ መልስ ይበቃል ብሎ ነው። አይበቃም። ደርሳችሁ ስትወርዱ ከቀኑ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፣ ጭላዳው ወደ ገደሉ ሊወርድ ጥቂት ሰዓት ነው የሚቀረው፣ እናንተም ከፍታው አናታችሁን ይዟችኋል። አዲስ አበባ ለምደነዋል ብላችሁ አትኩራሩ፣ እዚህ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ጨምራችሁ ነው የወጣችሁት። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ፣ ውሃ በብዛት፣ አረቄ ቢቀርብላችሁ ትንሽ ብቻ። ይቀርብላችኋል ደሞ፣ የመንዝ አረቄ ለብርዱ ነው ይሉና ይቀዱላችኋል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ግን ራስ ምታት ካለባችሁ ጠጡት ብዬ አልመክርም። ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር ከጠናባችሁ መተኛት ሳይሆን መውረድ ነው መድኃኒቱ። ሁለት ሌሊት እደሩ። ሁለት ሌሊት ትንሹ ነው።

ጠዋት ላይ የአካባቢውን ጠባቂ ወይም አስጎብኚ ይዛችሁ ነው የምትወጡት፣ እሱን ለመቆጠብ እንዳትሞክሩ። ክፍያው ለማህበረሰቡ ስለሚሄድ ብቻ አይደለም፣ ሰውየው ዓይኑ ሌላ ነው። እኛ ድንጋይ ያልነውን እሱ ቀበሮ ይለዋል፣ እኛ ቀበሮ ያልነውን ድንጋይ ይለዋል፣ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ጭላዳን ለማግኘት ቀላል ነው፣ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ነው የሚያድረው፣ ፀሐይ ሲሞቀው ከጠዋቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሜዳው ይወጣል። እናንተ ገደሉ አፋፍ አካባቢ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ አትከተሉት፣ ራሱ ይመጣል። መቶም ሁለት መቶም ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያ የምትሰሙት ድምፅ ነው፣ ያወራሉ፣ እውነቴን ነው፣ ከሩቅ የዕድር ስብሰባ ነው የሚመስለው። ከዛ ሁሉም ቁጭ ይልና ሳር መንጨት ይጀምራል። አንዷን እናት ከሰባት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ሆኜ ለረጅም ጊዜ አየኋት፣ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፣ እሷ በሁለት እጇ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ እያለች ለጋ ለጋውን ብቻ ትነጫለች፣ አንዱ መዳፏ ሲሞላ ወደ አፏ ትወረውራለች፣ ደግሞ ሳትነሳ በቂጧ ተንፏቃ አንድ እርምጃ ትጠጋለች። ጎመን የምትቀነጥስ ሴት እንጂ ዝንጀሮ አትመስልም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቦታ በወንዱም በሴቷም አለ፣ እና ይሄ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።

ቆሎ እንዳትወረውሩለት! አንድ አብሮን የሄደ ልጅ ለቪዲዮ ብሎ ሊወረውር ሲል አስጎብኚው እጁን ያዘውና "ዛሬ አንተ ቆሎ ሰጠኸው፣ ነገ የኔን ገብስ ሊበላ ይመጣል" አለው። እርሻው ዳር ልጆች ወንጭፍ ይዘው የሚውሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባን።

ቀይ ቀበሮው ይለያል፣ እሱ ትዕግስት ነው። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች ከ500 በታች ናቸው፣ ሁሉም እኛ አገር ነው ያሉት፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የሚኖረው በቡድን ቢሆንም አደን ላይ ግን ለብቻው ነው፣ ደግሞ ቀን ለቀን ነው የሚያድነው፣ አይጥ ነው ቀለቡ። ስለዚህ በማለዳና ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲመለስ ውጡ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይዛችሁ ተቀመጡና ቀስ ብላችሁ ቃኙ፣ ባይኖኩላር ካላችሁ ከካሜራው በላይ እሱ ነው የሚጠቅማችሁ።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፣ ጭላዳው መሀል ፈልጉት። ጓሳ ላይ ጭላዳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እዛ ሥራ የጀመሩት በ1998 ነው፣ በፈረንጅ 2005 መጨረሻ ማለት ነው፣ እነሱ በ2015 በፈረንጆቹ ያወጡት ጥናት ላይ ቀበሮው ጭላዳ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25ቱ ብቻ። ለዚህ ነው ቀበሮው በመንጋው ውስጥ ቀስ እያለ፣ ማንንም ሳያስደነግጥ፣ ግልገሎቹን እንኳን ዞር ብሎ ሳያይ የሚሄደው። ጭላዳዎቹም ውሻ ሲያዩ ወደ ገደሉ የሚነጉዱት እነዚያው ራሳቸው እሱን ምንም አይሉትም። እኔ ጥር ላይ ያየሁት ቀበሮ እንደዛ ነበር፣ ሁለት ወንድ ጭላዳ ሲጣሉ መሀላቸው አልፎ ሄዶ ቆመ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ዘመም አደረገ፣ ዘለለ፣ አንዲት አይጥ። ሁሉም ነገር ሦስት ሰከንድ አልፈጀም፣ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ አልቋል። በቃ፣ ቪዲዮ የለኝም፣ አትጠይቁኝ።

ይሄን ስል ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እንዲያው ለስሙ ያልኩት አይደለም፣ ቀበሮውን ከሚጨርሱት ትልልቅ ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚመጣ የእብደት በሽታ ነው። ከህዳር እስከ ጥር ደግሞ ግልገል የሚያሳድጉበት ወቅት ስለሆነ ጉድጓድ ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ ልየው እንዳትሉ፣ እናትየው ቦታ ትቀይራለች።

ሁለተኛውን ቀን ለእርሻውና ለሰዉ ስጡት፣ ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ይመለሳል፣ ያሳዝነኛል። ከጓሳው ወደ መንደሮቹ ስትወርዱ ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በዚህ በኩል ሳር፣ አስታ፣ እንደ ሰው ቆሞ የሚያይ ጅብራ፣ በዚያ በኩል የታረሰ የገብስ ማሳ፣ ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጸጉራም የመንዝ በጎች። ጤፍ እዚህ ከፍታ ላይ አይታሰብም፣ ገብስ ነው ንጉሡ፣ እሱንም ውርጭ አንድ ሌሊት መጥቶ ሊወስደው ይችላል። በማሳ ዳር ስታልፉ "እግዜር ያበርታችሁ" በሉ፣ ቤት ስትጠጉ ከሩቅ "ቤቶች!" ብላችሁ ተጣሩ፣ ውሾቹ አይታመኑም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላምታው ይለቅ፣ መንዝ ላይ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም፣ አትቸኩሉ።

እኛ እንደዛ ተጣርተን አንድ አባት ቤት ገባን፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጓሳ እየገመዱ ነበር። ሳሩን ጨበጥ ያደርጉና በውሃ ነካ፣ በሁለት መዳፋቸው መሀል ወደፊት ይገፉታል፣ ይጠመዘዛል፣ ሌላ ጭብጥ ይቀጥላሉ፣ የተገመደውን በእግራቸው ጣት ይዘውታል። እያወሩን አንድም ጊዜ ወደ እጃቸው አላዩም። አባባ፣ ሳሩን ለቀበሮው ብላችሁ ነው የምትጠብቁት? ብላቸው ሳቁብኝ፣ "ልጄ፣ ቀበሮው እኮ ጥገኛ ነው፣ እኛ ለቤታችን ክዳን ስንጠብቅ እሱም ተጠብቆ ነው" አሉኝ።

ሳሩን የሚጠብቁበት የድሮው ደንብ ቀሮ ይባል ነበር፣ ወደ 400 ዓመት ይሆነዋል ይላሉ። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን ተከፋፍለው ነው የጀመረው ይባላል፣ ከዛ በየአጥቢያው ኃላፊ ይመረጣል፣ አባ ቀራ ይሉታል፣ ሳሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፣ ማንም ማጭድ አያነሳም፣ ከብት አያስገባም። ሲደርስ በበጋ በተወሰነ ቀን ይከፈታል፣ ያኔ ሁሉም በአንዴ ይወጣል። በድብቅ ሲያጭድ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይሄ ደንብ ከነባላባቱ አብሮ ፈረሰ፣ ሳሩም ክፉኛ ተጎዳ፣ እርሻውም ሽቅብ መውጣት ጀመረ። በኋላ ሰዉ ራሱ ተሰባስቦ በኮሚቴ መልሶ መጠበቅ ጀመረ፣ አሁን የምታዩት ያ ነው። በእኔ ግምት አገራችን ውስጥ በዘበኛና በአጥር ከሚጠበቁት ብዙ ቦታዎች ይሄ የተሻለ የቆየው የሚጠብቀው ሰው ራሱ ስለሚጠቀምበት ነው፣ ሌላ ምስጢር ያለው አይመስለኝም። ስለዚህ የታጨደ ሳር ተከምሮ ብታዩ "ወይኔ፣ አካባቢውን እያወደሙ ነው" ብላችሁ ፖስት እንዳታደርጉ፣ ተራው ደርሶ ነው።

እግራችሁ ካልደከመ በምሥራቅ በኩል ያለውን አፋፍ ይዛችሁ ተጓዙ። ከባድ ሃይኪንግ አይደለም፣ ሜዳ ሜዳውን ነው፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈትናችሁ። አፋፉ ላይ መሬቱ ድንገት ያልቅና ከታች ቆላው እስከ አፋር ድረስ በጭጋግ ውስጥ ይታያል፣ አንዱ ጎን የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ ሌላው ጎን ወደ አባይ ነው የሚሄደው። አሞራዎቹ ከእናንተ በታች ነው የሚበሩት፣ ጀርባቸውን ነው የምታዩት። አጥንት ከላይ ጥሎ ድንጋይ ላይ ሰብሮ የሚበላውን ትልቁን ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ወፍ የምትወዱ ደግሞ የአንኮበር ሰሪን የምትባለዋን ትንሽ ቡናማ ወፍ ገደሉ አካባቢ ጠይቁ፣ ለኔም እሷ ናት ብለው አሳይተውኛል፣ ለኔ ግን ድንቢጥ ነበረች። ከአፋፉ ግን ራቅ በሉ፣ ነፋሱ ይገፋል፣ ለሴልፊ ወደኋላ አትራመዱ። ድሮንም ያለፈቃድ እንዳታስነሱ፣ በዚህ ጊዜ በተለይ።

ስትመለሱ ጊዜ ካላችሁ መሃል ሜዳ ገበያ ድረስ ሄዳችሁ ዝተት ግዙ፣ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሰራው ወፍራሙ ምንጣፍም ብርድ ልብስም የሚሆነው። ገልጣችሁ ጸጉሩን ጎተት አድርጋችሁ እዩት፣ ከተነቀለ ተዉት። የኔ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው፣ ክረምት ላይ እርጥበት ሲነካው ቤቱ በሙሉ በግ በግ ይሸታል፣ እናቴ በመጣች ቁጥር በረንዳ ላይ ታሰጣዋለች፣ እኔ መልሼ አስገባዋለሁ።